የግራው ወንበር ፍሬን

ይድረስ ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር ሰቅዞ የሚይዝህ ወገብህ ዘንድሮ ለቀቅ አደረገህ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ፣ ዓይኗ፣ እንቅልፏ ደህና ነው? ባለቤትህ ደህና ሰነበተች? ሚጡስ? በላክህልኝ ፎቶ ላይ የፊት ጥርሶቿ ወላልቀው ስትስቅ አይቻት እኔም እዚህ ብቻዬን እንደ ሞኝ ስስቅ ዋልኩ። የሱቁ ጣሪያ ተጠገነ ወይስ ዝናብ በጣለ ቁጥር አሁንም ባልዲ ትደረድራላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

እንግዲህ ሰላምታው በወጉ ይድረስህ እንጂ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ናፍቆት ገፍቶኝ አይደለም። ንዴት ነው። ሰሞኑን ደጋግመህ ደውለህ ስልክ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶባት ነው ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ድምፅህን ብሰማ የማይባል ነገር እናገራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ቢያንስ ቃል መምረጫ ጊዜ ይኖረኛል። የእኔ ደብዳቤ ሲመጣ እማዬ አጠገብህ ቁጭ ብላ ጮክ ብለህ አንብብልኝ እንደምትልህ አውቃለሁ። ዛሬም አንብብላት። ከዚህ በታች ያለውን «ሁሉም ሰላም ነው ብላለች» ብለህ እንዳታልፈው፤ ወረቀቱ ስንት ገጽ እንደሆነ እሷም ታየዋለች።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የተቀዳደደ የወንበር ልባስ እየፈታሁ በአዲስ እቀይራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከቆልማማ መርፌና ከወፍራም ክር ጋር ስታገል እውላለሁ። ከስፖንጁ ስንጥቅ ውስጥ የማይወጣ ነገር የለም፤ ማበጠሪያ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የታኘከ ማስቲካ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የሠራተኛው ምሳ ክፍል አለ። በቅርቡ አንድ የቆየ መጫወቻ አዳራሽ ሲዘጋ የጋራዡ ባለቤት ከዚያ አንድ ትልቅ ጌም አስጭኖ አመጣና ምሳ ክፍሉ ጥግ አቆመው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መሪ፣ ሁለት ስክሪን ያለው፣ እንደ መኪና ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ነው። ወንበሮቹ አርጅተው ስለነበር ልባሳቸውን እንድሰፋ እኔ ተጠራሁ። ሶኬቱ ሲሰካ መጀመሪያ ዜማው መጣ። ከዚያ ቀይዋና ቢጫዋ መኪና፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ያቺ ልትጠልቅ ስትል ሁልጊዜ እዚያው የምትቆመው ፀሐይ። ወንድም ጋሼ፣ ቁርጥ የእኛዋ ናት። ያቺ «ገደሉ» የምንላት። መርፌዬን እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ አልኩ።

እማዬ የጌም ነገር ስለማይገባት ላስታውሳት። አባዬ ሱቁን ጌም ቤት አድርጎ ሲከፍት ካመጣቸው ማሽኖች አንዷን ደንበኛ ጠልቷት ጓዳ ገብታ ነበር። ከበደቻቸው። አንዴ የሞከራት ልጅ ሁለተኛ አይመለስባትም፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ኩርባ ሁሉንም እየጠራረገ ገደል ይከታቸው ነበር። እንደዚያ ሆና የእኔና የአንተ ብቻ ሆነች። አባዬ ደግሞ ታላቅ በቀኝ ይቀመጣል የሚል ሕግ ነበረው፤ ገበታ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ጌም ላይም። ስለዚህ አንተ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም።

እዚህ ጋራዥ ማሽኗ ከመጣች ወዲህ የምሳ ሰዓት የክርክር ሰዓት ሆኗል። ቀለም ቀቢው ደመኛዋ ነው። ይቺ ጌም አይደለችም፣ ቅጣት ናት ይላል። መሪዋ ዘግይቶ ይዞራል፣ ከኋላ የሚመጣው መኪና ያለ ጥፋትህ ይገጭሃል፣ ሰዓቱ ደግሞ ገና ሞተር ሳይሞቅ ያልቅብሃል፤ ሰው እንዲጫወትባት ሳይሆን ሰው እንዲሸነፍባት ነው የሠሯት ባይ ነው። ጎማ ለዋጩ ደግሞ ይሞትላታል። የዛሬ ጌም ብትወድቅ ያነሳሃል፣ ብትሳሳት ይመልስሃል፣ መንገዱን በቀስት ያሳይሃል፣ በመጨረሻ ያሸነፈው አንተ ነህ ወይስ ጌሙ ራሱ፣ አታውቀውም፤ ይቺ ግን ያስተማረችህ እጅህ ላይ ይቀራል እያለ ይሟገታል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በበኩሉ መክበዷ ጥበብ ሳይሆን ንግድ ነው፣ የድሮ ጌም ቶሎ ቶሎ እየገደለ ሳንቲም እንዲያስገቡበት የተሠራ ነው ብሎ ሁለቱንም ያበግናቸዋል። ቲኬት ሻጯ ብቻ ሰማዩ ስላማረኝ ነው የምጫወተው ትላለች፤ ገደል ስትገባም አይከፋትም። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ውጭ ሹፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ እነሱ ገና ኩርባው ላይ ናቸው።

እኔ በክርክሩ አልገባም ነበር። እየሰፋሁ እሰማለሁ፤ ሲወጡ ደግሞ ቁጭ ብዬ እነዳለሁ። በግራ ነው የምቀመጠው፣ ቀኙ ባዶ ሆኖም። ያንን ኩርባ ከጋራዡ ሰው ሁሌም የማልፈው እኔ ብቻ ነኝ። ከኩርባው በፊት ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ጋ ስደርስ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፣ መኪናዋን ግድግዳው ትንሽ ነካ እንዲያደርጋት እተዋታለሁ፣ ከዚያ መልሼ እረግጣለሁ። ጎማ ለዋጩ ከጀርባዬ ቆሞ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ስምም አወጡልኝ፤ «ፍሬን በጣሿ»። እኔ ዝም ብሎ ሙገሳ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ እነሱ ፍሬን እያለላት በድፍረት የማትይዝ እያሉ ነው።

አንድ ቀን ቀለም ቀቢው እንደ ልማዱ ማሽኗን ሲያወግዝ ትዕግሥቴ አለቀ። መርፌዬን አስቀምጬ ወጣሁና፣ ከባድ ናት፣ ግን ለማንም አታዳላም፤ ሁሉም እኩል ያለ ፍሬን ነው የሚነዳት አልኳቸው።  ቲኬት ሻጯ ያለ ፍሬን ስትይ ምን ማለትሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የላትማ፣ ሲሠሯትም ፍሬን የላትም፣ እኔ እኮ በዚህች ጌም ነው ያደግኩት አልኳት። ታዲያ ከነዳጁ በስተግራ ያለው ምንድን ነው ስትለኝ፣ እግር ማሳረፊያ ነዋ፣ ለታላቅ ተብሎ የሚደረግ ነው፤ የእናንተኛዋ በሁለቱም በኩል አላት፣ የእኛዋ ግን በቀኝ ብቻ ነበር የነበራት አልኳት፣ በሙሉ ልቤ። አላምን ሲሉኝ በሞተው አባቴ ማልኩ። ይሰማሃል? በአባዬ ማልኩ። ሳቁ የፈነዳው ያኔ ነው። ጎማ ለዋጩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ምን ተገኘ ብለው ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ከውጭ እየሮጡ ገቡ።

ቲኬት ሻጯ ግን አልሳቀችም። እጄን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝና ጌሙን አስጀመረች። በሙሉ ፍጥነት ስከንፍ ጎንበስ ብላ «በይ ማሳረፊያውን እርገጪው» አለችኝ። ረገጥኩት። የቀይዋ ጎማ ጮኸ፣ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ በዕድሜዬ ያቺን መኪና ገደል ገብታ እንጂ መንገድ ላይ ቆማ አይቻት አላውቅም። 

አሁን ንገረኝ። የእኛዋ የግራው ወንበር ስር፣ ፔዳሉ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ፣ አባዬ ቆርቆሮ መትቶበት ነበር። ማሽኗ ስትመጣ የዚያ ወንበር ፍሬን ተሰብሮ እንደነበር አሁን ገባኝ። አባዬን አልቀየመውም፤ እሱ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ተጫውቶባት አያውቅም። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እግርህ ስር ሁለት ነገር አየሁና ይሄ ሁለተኛው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅህ፣ እግር ማሳረፊያ ነው፣ ታላቅ ይደክመዋል አልከኝ። በሁለት ዓመት በልጠኸኝ ምኑ ነው የደከመህ? እኔም አመንኩህ። ማመን ብቻ አይደለም፣ የታላቅ ነገር ነው ብዬ እዚህ ጋራዥ ውስጥ እንኳ እግሬን ላሳርፍበት አፈርኩ። የግራ እግሬን ከወንበሩ ስር አጥፌ ነው ስነዳ የኖርኩት።

ስታሸንፈኝ ደግሞ ዝም ብለህ አታሸንፍም። እማዬ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ ሱቁ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ በር ላይ ቆመህ፣ እህቴ ጎበዝ ናት፣ ብቻ ኩርባ ላይ ልቧ ይፈራል ትል ነበር። እኔ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ፍሬን ስነዳ፣ አንተ ፍሬንህን እየያዝክ በሰላም ስታልፍ፣ ፈሪዋ እኔ ሆንኩ። ዛሬም ድረስ በስልክ ሳይቀር ትቀልድብኛለህ። እማዬም እየሳቀች ታጅብሃለች። እማዬ፣ አንቺ አታውቂምና አልተቀየምኩሽም።

ወሬው ጋራዡን ሲያዳርስ ቀለም ቀቢው ስፌት ክፍሌ መጣ። ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በሩን ተደገፈና «እኔ ጌሟን በከንቱ ስሰድባት ኖሬያለሁ። ከባዱስ ወንድምሽ ነው» አለኝ። አንተን ልከላከል አፌን ከፈትኩ።  በአንተ ላይ ክፉ ቃል ሲነገር መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን መርፌዬን መልሼ ያዝኩና ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በፍሬን ለመንዳት ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም፤ እግሬ አያምነውም። ክርክሩም መልኩን ቀየረ። አሁን የሚጣሉት ያለ ፍሬን ያለፍኩት ኩርባ ይቆጠርልኝ አይቆጠርልኝ በሚለው ነው። ይቆጠርላታል ያለው ቀለም ቀቢው ነው። ጎማ ለዋጩ፣ ያ ሁሉ አድናቆቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ጌሙ የሰጠህን ሳትጠቀም ያሸነፍከው ሌላ ጌም ነው ብሎ ድርቅ አለ። ተናድጄ መልስ ልሰጠው ስል ሳስበው እውነቱን ነው። እኔ ሌላ ጌም ስጫወት ኖሬያለሁ። ማሽኗ ግን አንድም ቀን አልዋሸችኝም። ፍሬኗን ስረግጣት ቆመች። ከባድ ናት ብለው ለሚያማርሩባት ሁሉ አሁን የምለው ይህን ነው፤ ከባድ ትሁን እንጂ ሐቀኛ ናት።

የልጅ ጨዋታ ነው፣ ምን እንዲህ ያንጨረጭርሻል ትለኝ ይሆናል። ሱቁ ባይኖር እኔም ስቄ አልፈው ነበር። አባዬ ሲያርፍ የሆነውን ታስታውሳለህ። ሱቁ ለሁለት የሚበቃ አልነበረም፤ እዚህ ያለችው አክስታችን ደግሞ አንዳችሁን ላኩልኝ፣ እኔ ጋ ሥራ አለ ብላ ነበር። እኔም አንተም የፈለግነው ሱቁን ነው። ጠዋት በሩን ከአባዬ ጋር የምከፍተው፣ ደንበኛ ሲጣላ የማስታርቀው እኔ ነበርኩ። እማዬ ልጆቼን አላበላልጥም፣ እናንተው ተስማሙ ብላ ተወችን። በገደሉ እንወስን ያልከው አንተ ነህ። ያሸነፈ ሱቁን ይይዛል፣ የተሸነፈ አክስታችን ጋ ይሄዳል። እሺ አልኩ። ጓዳ ገብተን ማሽኗ ጋ ስንደርስ ግን ወደ ቦታህ አልሄድክም። «ዛሬ አንቺ በቀኝ ተቀመጪ» አልከኝ።

እኔ ክብር መሰለኝ። አባዬ የለም፣ ከእንግዲህ እኩል ነን ማለቱ ነው ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። በቀኝ ተቀመጥኩ። ማሳረፊያው እግሬ ስር ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ማሳረፊያ። ግራ እግሬን አነሳሁና አሳረፍኩበት። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን ከመነሻው እስከ መድረሻው ፍሬን ላይ እግሬን ጭኜ ነው የተወዳደርኩት። ነዳጁን እስኪሰበር እረግጣለሁ፣ ቢጫዋ ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። አንተ በግራ፣ ያለ ፍሬን፣ ያለ ልምድ፣ ኩርባው ላይ ከግድግዳው ተጋጭተህ ተንገዳግደህ፣ እንዲያም ሆኖ ቀደምከኝ። እኔም አንተ ስትለው የኖርከውን ራሴ ለራሴ ነገርኩት፤ ልቤ ፈርቶ ነው አልኩ። ሻንጣዬንም ያዝኩ።

ቲኬት ሻጯ ፍሬኑን ካስረገጠችኝ ቀን ጀምሮ ሳሰላስል የከረምኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ተንኮል ነው አልኩ። እግሬን እንደማሳርፍበት አውቆ ነው ወንበር የቀየረኝ አልኩ። ስልክህን ያላነሳሁት ያኔ ነው። ሰው በገዛ እህቱ ላይ እንዲህ ይሠራል ብዬ ስፌት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳለቅስ ክሩ ተተብትቦብኝ ያውቃል። በኋላ ግን ሌላው ትዝ አለኝ። ውድድሩ ሲያልቅ አልጨፈርክም። መሪውን እንደያዝክ ወደ እግሬ አየህ፣ እግሬ የት እንዳረፈ አየህ፣ ፊትህም ልውጥ አለ። ይሄ አይቆጠርም፣ እንደገና እንሂድ አልከኝ። እኔ የሰው ምጽዋት አልፈልግም፣ ተሸንፌያለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። ደጋግመህ ለመንከኝ። ለምን እንደማይቆጠር ግን አልነገርከኝም።

ስለዚህ ተንኮል አልነበረም። ልትሸነፍልኝ ነበር። ጥሩውን ወንበር ሰጥተኸኝ፣ ፍሬን በሌለው ተቀምጠህ፣ ሱቁን ልትተውልኝ ነበር። ይህን ሳውቅ ንዴቴ የበረደልኝ መስሎህ ይሆናል። ባሰብኝ እንጂ። ሱቁን የሚያህል ነገር አሳልፎ የሚሰጥ ልብ ነበረህ፤ «ዋሽቼሽ ኖሬ ነው፣ ፍሬን ነው» የሚል አፍ ግን አልነበረህም። አንዲት የልጅነት ውሸት ከምትጋለጥብህ እኔ ሻንጣ ይዤ ብሄድ መረጥክ። እኔን ጣቢያ ድረስ ሸኝተህ፣ አቅፈህ አልቅሰህ፣ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ መስኮቱ ስር ቆመህ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፍህን ዘግተህ። እንዴት አስቻለህ?

ሱቁን አልፈልግም። እዚህ ሥራዬን እወደዋለሁ፤ የሰፋሁት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ «ልቧ ይፈራል» የሚለው ቃልህ ከሻንጣዬ ጋር አብሮኝ መጣ። ባለፈው ዓመት የጋራዡ ኃላፊ ሹፌር ጎድሎብናል፣ እናስተምርሽና አውቶቡስ ንጂ ብሎኝ ነበር። እኔ ኩርባ ላይ እፈራለሁ ብዬ መለስኩለት። አንዲት መኪና ነድቼ ሳላውቅ፣ የፈራሁበት አንድም ቀን ሳይኖር፣ አንተ ያልከውን ስለራሴ እንደማውቀው ነገር አድርጌ ነገርኩት። ሰውዬውም አመነኝ። ለእናንተ በስልክ ያልነገርኳችሁ እንዳትቀልዱብኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ኃላፊው ጋ ገባሁ። አሁን አልፈራም ልለው ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ድሮም አልፈራም ነበር የሚል ነው። ምን እንደማወራ አልገባውም፤ ቢሆንም ጽፎኛል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከሥራ በኋላ መንዳት እማራለሁ። ከጋራዡ ወንዶች ሁለቱ ሴት አውቶቡስ ብትነዳ ተሳፋሪ ይሸሻል ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። ለእነሱ የሚሆን ንዴት አልተረፈኝም፤ ሁሉንም አንተ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ይህን ለእማዬ አንብበህ ስትጨርስ ወረቀቱን አስቀምጥና በራስህ አፍ ንገራት። እህቴ ፈርታ አልተሸነፈችም በላት። ጫማ ሰፊው ጋ ሄደህም ንገረው፤ ያወራኸው እሱ በር ላይ ነውና። ከዚያ በኋላ ደውልልኝ፤ አነሳለሁ። ይቅርታ ብትለኝ ወዲያው እሺ እላለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባልህም።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን ምግብ ሳትበላ እንዳትውጠው። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህን ስታነብ ከጎንህ ካለች እሷም ትፍረድ። ለጫማ ሰፊውና ለቤተሰቡ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ በልልኝ። ለሚጡ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ገደሉን ከጓዳ አውጥተህ አብራችሁ መጫወት እንደጀመራችሁ፣ አንተ በቀኝ እሷ በግራ እንደምትቀመጡ፣ እንደምታሸንፋትም ባለቤትህ ጽፋልኛለች። ያንን ቆርቆሮ አንሳና ፍሬኑን አስጠግንላት። እስኪጠገን ድረስ አንተ ወደ ግራ ሂድ፣ እሷን በቀኝ አስቀምጣት። እግሯን ከማሳረፏ በፊት ግን ምን እንደሆነ ንገራት።

የምትወድህና የተቀየመችህ
እህትህ

ከጋራዡ ስፌት ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን